ማሰሪያ አንቀጽ

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ትናንት ደብዳቤ ላከልኝ፤
«አማርኛ አስተማሪ ነህ፣ ለድንጋዩ ቃል ምረጥ» አለኝ።
ከበሩ በስተግራ የቆመ፣ ከበሽሎ ገደል የመጣ፣
ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በአራት ሰው ትከሻ ደላንታ የወጣ።
ስሙን ጠራቢው ቀርጾታል፤ ከስሙ በታች ባዶ ነው፤
«ጀግና» ይባል ወይስ አይባል፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ነው።

አያ ጌጡ ተነሥቶ አለ፦ «የገደለው ሰው ስንት ነው?
ጎራዴው ከሰገባው ሳይወጣ ዝጎ የቀረ ሰው፣
በእኛ አገር ደንብ ጀግና ነው? ፎካሪ ምን ብሎ ያንሣው?»

እውነቱን ነው።
እኔም ብሆን ለመመስከር የምቸኩል ሰው አይደለሁኝ፤
ከግራዝማች ሙሄ ጋራ የቆየ ቂም አለብኝ።
ቅድመ አያቴን አስገርፎታል፣ አርባ ጅራፍ፣ በገበያ፣
ለደበቃት አንድ ቁና ገብስ፤
ቂሙም በቤታችን ሲበላ ኖረ እንደ ጓያ፣
ከአባት ወደ ልጅ እግር እየያዘ።

መልአክ አልነበረም። ድንጋዩ ላይ ባንጽፈውም እንወቅ፤
ግብር ሲሰበስብ ጨካኝ፣ ሲቆጣ የሐምሌ መብረቅ።

ግን በዚያ ሐምሌ፣
በሽሎ ዛፍ ነቅሎ ሲያወርድ፣ ቋጥኝ ሲያንከባልል፣
ከማዶ ያለው ጌታ ሲፎክር፣ ጥይት ሲያባክን፣
ከወዲህ ያለው አለቃው ፈረሰኛ ልኮ «ተሻገር!» ሲል፣
ሁለት መቶ ሰው ነበረው።
ወታደር አልላቸውም፤ ሞፈር የለመደ እጅ፣
እርሻውን ጥሎ የመጣ፣ ግማሹም ገና ልጅ።
አንዱ ውዱእ ሲያደርግ፣ ሌላው ለማርያም ሲሳል፣
በአንድ ውሃ ዳር፣ አንድ ሞት ሲጠብቅ።

ሌሊቱን አልተኛም አሉ። ከወንዙ ዳር ተቀምጦ፣
ጠጠር ሲወረውር አደረ፣ ውሃው ሲውጠው አዳምጦ።
ጎህ ሲቀድ ጋሻውን ከግራር ላይ ሰቀለ፣
ጠፍር ከወገቡ አሰረ፣ ጫፉን ለሰዎቹ ሰጠና፣
«ብሰምጥ ገመዱን ሳቡት፤ ማንም እንዳይከተለኝ» አለ፤
ገባ።

ከማዶ ምን እንደተባለ የሚያውቅ ሰው የለም።
ሦስት ቀን ቆየ። ሲመለስ ርስቱ የሱ አልነበረም፤
ከአባቱ የወረሰውን ለደም ካሳ ሰጥቶታል።
ከወዲህም ሹመቱ ተገፈፈ፣ ካባው በአደባባይ ወለቀ፤
«ፈሪ» እንደተባለ፣
በሰው መሬት እኩል አራሽ ሆኖ አረጀ።
ሲሞት አዝማሪ አልመጣም። ምን ብሎ ያውጣ ግጥም?
ያልፈሰሰ ደም አይቀላም፤ ያልወረደ ሙሾ አይሰማም።

ሁለት መቶዎቹ ግን ቤታቸው ገቡ።
ጀግንነት ይህ ከሆነ ድምፁ አነስተኛ ነው፦
የበር መወርወሪያ ሲነሣ፣ ውሻ ጌታውን አውቆ ሲያላዝን፣ ሲያለቅስ፣
ሚስት «ማነህ?» ስትል በጨለማ፣ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው መልስ።

አንዱ ቅድመ አያቴ ነበር፣ ጀርባው ጠባሳ ያለበት፤
ገራፊውን እየረገመ፣ ገራፊው ባተረፈለት
ዕድሜ ሃምሳ ዓመት ኖረበት።

ዛሬ ጠዋት ስም ጠራሁ፤ ሰባተኛ «ለ» ክፍል።
«ዘሀራ ይማም።» «አቤት።» «ሙላት አራጌ።» «አቤት።»
«ከድር ስጦታው።» «ጉንፋን ይዞት ቀረ» አሉኝ።
ስልሳ አንድ ልጅ። ብዕሬን ይዤ ቆምኩኝ።
አያ ጌጡ «ስንት ገደለ?» ይላል፤
እኔ ያልገደለውን ስቆጥር ደወል ተደወለ፤
ገና የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።

ከቀትር በኋላ መልሴን ጻፍኩ፦
«ጀግና ነው። ቃሉን ግን አትጨምሩ፤ ባዶው ባዶ ይቅር።
ጠራቢው ሳያውቀው ጨርሶታል።
ሰዋስው አስተማሪ ነኝ፤ ነገር ያለ ማሰሪያ አይቆምም፤
እዚያ ድንጋይ ላይ ባለቤቱ አለ፣ ማሰሪያውም አይጎድልም።
ከአባቱ ስም ስትደርሱ ዝግ ብላችሁ አንብቡት፦

ግራዝማች ሙሄ ታደገ

ተሳቢው የታለ ለሚል፣ የስም መጥሪያው መዝገብ ከኔ ዘንድ አለ።
የጎደለው አራት ነጥብ ነው።
መሮ አምጡልኝ፤ እሱን እኔ እቀርጸዋለሁ።»